ቧንቧ ከፍተን ውሃ ስንጠብቅ

ጋምቤላ የምኖርበት ቤት ያንኳኳ ነበር። ሰው በሩን ያንኳኳ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ቤቱ ራሱ ነው፣ ከግድግዳው ውስጥ። መጀመሪያ ያፏጫል፤ ከዚያ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ያጉረመርማል፤ ቀጥሎ ድም ድም ድም እያለ ከግቢው ተነሥቶ በደረጃው ጎን ወደ ፎቁ ይወጣል። በተከራየሁ ሰሞን ደንግጬ ሳህን ከእጄ ጥያለሁ። እያደር ግን ለመድኩት። የመጋቢትን ሙቀት የለመደ ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፣ በደርግ ጊዜ የተሠራ። በመንገዱ በኩል ሱቆች አሉ፤ ከኋላ ማንጎ ያለበት ግቢ፤ በግቢው ዙሪያና ፎቁ ላይ ደግሞ እኛ ተከራዮች። አከራያችን ሐጂያ ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ለትልቁም ለትንሹም ሐጂያ ናቸው። በሙሽርነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ከባላቸው ጋር ጨርቅ ሲሸጡ፣ ልጅ ሲያሳድጉ፣ ይህን ቤት ቀስ በቀስ ሲያቆሙ ኖረዋል። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ሱቁን አከራይተው ግቢው ውስጥ ባለችው ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ብቻቸውን ማለት እንኳ ይከብዳል፤ እሳቸው ሳያዩት ከግቢው የሚወጣ ሰው የለማ።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይለኛል። ሙያዬን እዚህ ማንሣቴ ጆሮዬ የሥራ መሣሪያዬ ስለሆነ ነው። ደግሞም ግልፍተኛ ነኝ፤ ነገር ሲንዛዛ አልወድም። ሐጂያ ጠባዬን ስለሚያውቁት "አንቺ ልጅ፣ ምጥ ላይ ያለችውን ሴት እንዴት አድርገሽ ትታገሺያታለሽ?" ይሉኛል። ምጥ መጨረሻ አለው እላቸዋለሁ።

ወደ ውሃው ልመለስ። ባሮ ዓመት እስከ ዓመት በከተማው እያለፈ እኛ የቧንቧ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ፈረቃው ቀን ይኑረው እንጂ ሰዓት የለውም። ጠዋት ሊመጣ ይችላል፤ ሰው ሁሉ ሥራ በሄደበት እኩለ ቀን ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ሲሄድም ደኅና ሁኑ አይልም። ስለዚህ የቤታችን ሰው ሁሉ አንድ ልማድ ነበረው። ውሃ ሲሄድ ቧንቧውን ከፍቶ ይተወዋል፤ ከሥሩ ቆርቆሮ ወይም የድስት ክዳን ያስቀምጥበታል። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ አየሩ ያፏጫል፣ ከዚያ ጠብታው ክዳኑን ይመታል፤ ያን ጊዜ ጀሪካን ይዞ መሮጥ ነው። እኔም ማንም ሳይነግረኝ ጎረቤቶቼን አይቼ ከፍቼ መተው ጀመርኩ። ቧንቧውን የዘጋ ሰው ውሃ አልፈልግም ያለ ያህል ነበር።

ነገሩ የከረረው በስልክ ነው። የሐጂያ አንዲት ልጅ አዲስ አበባ ትኖራለች፤ ዓርብ ዓርብ ከስግደት በኋላ ትደውላለች። አንድ ዓርብ እናትና ልጅ ሲያወሩ ቤቱ ጀመረው። ልጅቷ በስልኩ ውስጥ ሰማች። "ምንድን ነው የሚፈርሰው?" አለች። ሐጂያም "ኧረ ምንም አይደለም፣ ቤቱ ነው" አሏት። እንዲህ ያለ መልስ ሰጥተው ልጅቷ ለምን እንደ ደነገጠች ደግሞ ይገርማቸዋል።

ክረምት ላይ ራሷ መጣች። በደረጃው ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደውን ስንጥቅ አየች፤ ውሃ ሲመጣ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳት? "ይህ ቤት አንድ ቀን እላይሽ ላይ ይወርዳል" አለቻቸው። ለሚመጣው ዓመት፣ አረፋ እንዳለፈ መጥታ እንደምትወስዳቸው፣ ቤቱንም አፍርሶ ለሚሠራ ሰው እንደምትሸጠው ቁርጡን ተናግራ ሄደች። አልፈርድባትም። እናቴ እንዲህ ያለ ጣራ ሥር ብትሆን እኔንም እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ልጅቷ ከሄደች ወዲህ ሐጂያ ዝም አሉ። ሐጂያ ዝም ሲሉ ግቢው ይከብዳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም "መሄዱ አይደለም የከፋኝ" አሉኝ። "ልጄ ናት፣ ትወደኛለች። ግን እዚያ ምን እሠራለሁ? ጠዋት ሶፋ ላይ አስቀምጣኝ ትወጣለች፤ ስትመለስ እዚያው ታገኘኛለች። እኔ እንደ ዕቃ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልችልም።" አንጀቴን በሉት። ሳላስበው "ይህን የሚያንኳኳውን ነገር እናገኘዋለን" አልኳቸው። አፌ ሁልጊዜ ከኔ ቀድሞ ነው የሚሄደው።

ቧንቧ ሠራተኛ አስጠራን። በባጃጅ መጣ፤ ጎበዝ ሰው ነው፣ ዕቃውን ሳያስቀምጥ ነበር ግድግዳውን መዳሰስ የጀመረው። በየክፍሉ እየገባ የቧንቧዎቹን ያለቀ ጎማ፣ ጎሚኒ የሚባለውን፣ ለወጠ። ቀጥሎ ወደ ፎቁ የሚወጣውን ብረት ከግድግዳው ጋር የሚይዙት ማቀፊያዎች ዝገት በልቷቸው መውደቃቸውን አገኘና በአዲስ ተካቸው። ቧንቧው የሚይዘው አጥቶ ነበር ግድግዳውን ሲደበድብ የኖረው። ስንጥቁንም በመዶሻው ጫፍ ፋቀው። "ልስኑ ነው የተሰነጠቀው። ብሎኬቱ ምንም አልሆነም፤ ይህ ቤት የትም አይሄድም" አለን። ሐጂያ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ለምሳ አስቀሩት።

ውሃው በመጣ ጊዜ ሁላችንም ደረጃው ሥር ተሰብስበን ጠበቅን። ግድግዳው አልተንቀጠቀጠም። ብረቱ ግን ያው ነው፤ አፏጨ፣ አጉረመረመ፣ ድም ድም አለ። ወሽመጤ ተቆረጠ። ሠራተኛው ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና "ይሄ አየር ነው። የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው" አለ። የት እንደሚስብ ግን ሊያገኘው አልቻለም። መጋጠሚያውን ሁሉ አንድ በአንድ ቢዳስስ ደረቅ ነው፣ የሚያንጠባጥብ የለም። ፑኝዶ ሥራ ይጠብቀው ስለነበር ስመለስ አየዋለሁ ብሎ ሄደ።

እኔ ደግሞ እስኪመለስ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። አንዲት የእንጨት መስሚያ አለችኝ፤ በነፍሰ ጡሯ ሆድ ላይ አስደግፌ የፅንሱን ልብ የማዳምጥባት ናት። እሷን ይዤ ቧንቧው ላይ ተለጠፍኩ። ግቢው ውስጥ የሚኖር ኑዌር ጎረቤት አለን፤ ጀዊ መጠለያ ካምፕ አስተርጓሚ ሆኖ ይሠራል፣ ቁመቱ በኛ በር ሲገባ የሚያስጎነብሰው። ከሥራ ሲመለስ እንዲያ ሆኜ አገኘኝ። ቆም ብሎ አየኝና በረጋ አማርኛው "ሲስተር፣ ስንተኛ ወሯ ነው?" አለኝ። ገፍታለች፣ ዛሬ ነገ ትወልዳለች አልኩት። ሐጂያ ከወንበራቸው እስኪንሸራተቱ ሳቁ። ከልጃቸው መምጣት ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ ውሃው ሲመጣ ሳይሆን ሲሄድ ነው። አንድ የዕረፍት ቀኔ መስሚያዋን ቧንቧው ላይ አድርጌ ሳዳምጥ ውሃው እየቀጠነ መጣ። ሁላችንም እስከዚያ ቀን ስናዳምጥ የኖርነው መምጣቱን ነው፤ አካሄዱን ማን ልብ ብሎት? ውሃው ሲቆም አንድ ሌላ ድምፅ ሰማሁ፤ ረጅም፣ ወደ ውስጥ የሚጎተት። ሰው ትንፋሹን ሲስብ እንደሚሰማው ያለ ነው። ሮጬ ክፍሌ ገባሁ። ቧንቧዬ እንደ ልማዴ ተከፍቷል፣ ከሥሩ የድስት ክዳኔ አለ። መዳፌን አፉ ላይ አደረግኩት፤ መዳፌን ሳበው። ቆዳዬ ላይ ክብ ምልክት እስኪተው ድረስ ሳበው።

ከዚያ በየቤቱ ዞርኩ። የሁሉም ተከፍቷል፣ የሁሉም ይስባል። አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ የጠፋው ለካ በየቤታችን ክዳን አስቀምጠን ስለምንጠብቀው ነው! ሠራተኛው ከፑኝዶ ሲመለስ ይህንኑ ነገርኩት። ግንባሩን ይዞ ሳቀ። ጎሚኒውን ለውጦ ሲጨርስ እያንዳንዱን ቧንቧ ከፍቶ የሄደው እሱ ራሱ ነበር። "ምን ላድርግ፣ ሲስተር፣ እኔም ቤቴን ከፍቼ ነው የምወጣው" አለኝ።

እሑድ ከሰዓት ሰውን ሁሉ ማንጎው ሥር ሰበሰብኩ። "ውሃው ሲሄድ የከፈትነው ቧንቧ ሁሉ አየር ይጠጣል" አልኳቸው። "ውሃው ሲመለስ ያንን አየር ፊት ፊቱ እየገፋ ይመጣል። አየሩ መውጫ ሲጠበው ብረቱን ይደበድበዋል። የሐጂያን ቤት የምናስፈርስባቸው እኛው ነን። ዝጉት።"

አስተርጓሚው "ሲስተር፣ ገብቶኛል" አለ። "ግን ከዘጋሁት መምጣቱን ማን ይነግረኛል? አንቺ ነሽ? አንቺ ሥራ ነሽ።" እውነቱን ነው። ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። ጎረቤቴን አላምነውም ያለ የለም፤ በሁሉም ልብ ያለው ግን እሱ ነበር። በዚያ ሙቀት አንድ ፈረቃ ያመለጠው ሰው እስከሚቀጥለው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጀሪካን ይዞ ወደ ባሮ መውረድ ነው። እኔም ብሆን በሰው ተማምኜ አልዘጋም ነበር።

ሐጂያ ነበሩ የፈቱት። "እኔ አለሁ አይደል?" አሉ። "ወዴት እሄዳለሁ? ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነኝ። እኔ እነግራችኋለሁ።"

ሠራተኛው ከግቢው ቧንቧ ቀጥሎ ወደ ፎቁ የሚወጣውን ውሃ የሚዘጋ አሮጌ መዝጊያ አገኘ። የሐጂያ ባል ያስገቡት ነው፤ ዝጎ ስለተያዘ ከሳቸው በኋላ የነካው የለም። ዘይት አጠጥቶ አላቀቀውና ለሐጂያ አሠራሩን አሳያቸው። ውሃ ሲሄድ ይህን ይዘጋሉ፤ ክፍት የሚቀረው የግቢው ቧንቧ ብቻ ነው። ሲመጣ ከመንገዱ ቧንቧ የሚገፋው አየር በዚያ በኩል እስኪወጣለት ይተዉታል፤ ማፏጨቱን ትቶ ሲወርድ መዝጊያውን በዝግታ ይከፍታሉ። ሐጂያ እጃቸውን መዝጊያው ላይ አድርገው "እሱም ሁልጊዜ በዝግታ ይል ነበር" አሉ። እሱ ያሉት ባላቸውን ነው።

መጀመሪያ ላይ ተበላሸብን። ሐጂያ ግቢው መሐል ቆመው "ውሃ መጣ" ብለው ቢጣሩ ድምፃቸው ደካማ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። ታች ያለነው ቀዳን። ፎቁ ላይ የምትኖረው አኝዋ መምህርት ግን አልሰማችም። የዚያን ሰሞን አራስ ናት፤ ልጇን እኔ ነኝ ያዋለድኳት፤ ባሏ ኢታንግ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ስወጣ የልጇን ጨርቆች ሳታጥብ በባልዲ ከምራ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሰው ላይ ድምፅ የምታነሣ ሴት አይደለችም። "ሲስተር፣ ዘጋሁ። ብላችሁ ነበር፣ ዘጋሁ" ብቻ አለችኝ። ከቀዳሁት ውሃ አንድ ጀሪካን አመጣሁላት። በማግሥቱ ቧንቧዋን መልሳ ከፈተችው። ምን ብዬ ልቆጣት?

ሐጂያ ይህን ሲሰሙ ገብተው የብረቱን ዘነዘና ይዘው ወጡና ወደ ፎቁ የሚወጣውን ቧንቧ ሦስት ጊዜ መቱት። ብረት አይደል፣ ድምፁን ይዞት ሽቅብ ወጣ። መምህርቷ ልጇን ታቅፋ በደረጃው ብቅ አለች። "እንዲህ ስመታው ውሃ መጣ ማለት ነው" አሏት። "ሰምተሽ እንደሆነ አንቺም በማንኪያ መልሺልኝ። ካልመለስሽ አልተውሽም።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንባችን ይህ ሆነ። እሳቸው ከታች በዘነዘና፣ እሷ ከላይ በማንኪያ። ቧንቧዋንም ዘጋችው። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከሐጂያ ዘነዘና በቀር።

ሐጂያ በአንድ ወር ውስጥ ሌላ ሰው ሆኑ። ሶላታቸውን እንኳ ግቢው ቧንቧ አጠገብ ምንጣፍ አንጥፈው መስገድ ጀመሩ። ገበያ የሚወጣ ሰው እሳቸውን ሳይጠይቅ አይወጣም፤ "ሐጂያ፣ ዛሬ ይመጣል?" እሳቸውም እንደሚያውቁ ሁሉ ሰማዩን ቀና ብለው ያያሉ። እኔ አፌን አፍኜ እስቃለሁ።

አረፋ አለፈ፤ ልጅቷ መጣች። እኔ ቀድሜ ሐጂያን መክሬያቸዋለሁ። "እሷ እስክትሄድ ዘነዘናውን አይንኩት። በማንኳኳት ድምፅ ደንግጣ የሄደችን ሴት በማንኳኳት ድምፅ ልንቀበላት ነው? ውሃው ሲመጣ እኔ በየበሩ እዞራለሁ" አልኳቸው። "እሺ" አሉኝ። ብልሃቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

በመጣች በሁለተኛው ቀን ሐጂያ ምሳ ጠሩኝ። ሦስታችን የባሮ ዓሣ ጥብስ ከበን ተቀምጠናል። ልጅቷ ጥሩ ሴት ናት፤ ለናቷ እሾሁን እየለቀመች ታጎርሳቸዋለች። እንደገና የተለሰነውን የደረጃ ግድግዳ አሳይተናታል፤ ሠራተኛው ያለውን ነግረናታል። ሰማች፣ አላመነችም። ሻንጣ ገዝታ መጥታለች፤ ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቶ ይታየኛል፣ የሐጂያ ነጠላ ገብቶበታል።

"እሺ ቤቱ አይውደቅ" አለች እናቷን። "ግን እዚህ ምን አለሽ፣ እማ? እኔ እዚያ፣ አባቴ የለ፣ የሚቀርበሽ ዘመድ የለ። እዚህ ማን አለሽ?"

የሐጂያ ጉርሻ እጃቸው ላይ ነው። ያን ጊዜ የግቢው ቧንቧ ማፏጨት ጀመረ። እኔ ብድግ ልል ስል ሐጂያ ጉልበቴን ያዙኝ። "ተቀመጪ" አሉኝ። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሱ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፣ ዘነዘናውን ከበሩ ጀርባ አንሥተው ወጡ። ያን ሁሉ ወር የለፋንበት ነገር በሦስት ምት ሊያልቅ ነው ብዬ ተናደድኩባቸው።

ቆየት አለ። አየሩ እስኪወጣ እየጠበቁ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ልጅቷ አታውቅም። ከዚያ ድም፣ ድም፣ ድም።

ልጅቷ ክው አለች። "ይኸው" ብላ እናቷን ከቤቱ ሥር ለማውጣት በባዶ እግሯ ሮጠች። እኔም ተከተልኳት። ደረጃው ሥር ስንደርስ ሐጂያ አንድ እጃቸው መዝጊያው ላይ፣ በሌላው ዘነዘናውን ይዘው ቆመዋል። በሮች መከፈት ጀመሩ። አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ በጀሪካን ብቅ አለ፤ "ሐጂያ፣ ይባረኩ" ብሎ አለፈ። ሱቅ ያለው ልጅ ባልዲ ይዞ መጣ። ልጅቷ እናቷን ታያለች፣ ሰዉን ታያለች፣ መልሳ እናቷን ታያለች።

"አንቺ ነሽ የምትመቺው?" አለች።

"ውሃ መጥቷል" አሏት ሐጂያ። "እኔ ካልነገርኳቸው ማን ይነግራቸዋል? ቧንቧቸውን ዘግተው እኔን ነው የሚጠብቁት።" ይህን ሲሉ ፊታቸው ወደሷ አልነበረም። አንገታቸውን አቅንተው ወደ ላይ ያዳምጣሉ።

"ምን ትሰሚያለሽ?"

"ላይ አራስ አለች። ስትሰማ በማንኪያ ትመልሳለች።"

ሦስታችንም ጸጥ ብለን ጠበቅን። ውሃው በቧንቧው ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወጣ ይሰማል፤ ማንኪያው ግን የለም። ሐጂያ ተጨነቁ። ልጅቷ መዳፏን ብረቱ ላይ አደረገች፤ ባለፈው ክረምት ግድግዳውን በዳሰሰችበት እጇ ነው። ጆሮዋንም አስጠጋች። ፊቷን ሳየው እንባ አዝሏል፤ የኔም ያው ነው። ጥቂት እንዲህ ቆየችና ቀና አለች።

"እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል" አለች። "ድገሚላት፣ እማ።"